ከሰላምታው በኋላ

ምብራት ገብረአብን ሰላም ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ «ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ዓይን ነው። አፏ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነው የሚለው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ስለሠራን በደንብ አውቃታለሁ። ወተት ስትገዛ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ታነባለች፤ ቀኑን ስለማታምነው ደግሞ ከፍታ ታሸተዋለች። ማኪያቶ የምትጠጣው ባንኮኒው ጋ ቆማ ነው፤ ከተቀመጠች ቀጂው የሚያደርገው አይታያትማ። ልደቷን አስታውሼ ኬክ የገዛሁላት ቀን፣ ከመቁረሷ በፊት ምን ልጠይቃት እንዳሰብኩ እንድነግራት ፈለገች። ምንም አላሰብኩም ነበር። እሷ ግን እስክንወጣ ድረስ ስትጠብቅ ዋለች። የቢሮው ልጆች «ነቄዋ» ይሏታል፤ ስሙን ትወደዋለች።

ጥርጣሬውን ከሜዳ አላመጣችውም። አባቷ አቶ ገብረአብ ከአዲግራት መጥተው ፒያሳ ውስጥ አምፖልና የኤሌክትሪክ ገመድ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ደንበኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል አምፖሉን ሰክተው፣ አብርተው ካላሳዩት አያስረክቡትም። ምብራት ከትምህርት ቤት መልስ ያንን ስትሠራ ነው ያደገችው። ኋላ ደግሞ ወደ ሰሜን ስልክ የተቋረጠ ጊዜ፣ አዲግራት ላለችው አክስቷ በየቀኑ መልእክት ትጽፍ ነበር። አንዱም ሳይደርስ ወራት አለፉ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ አስቀምጣ «ደርሷል» የሚለውን ምልክት ስትጠብቅ አያት ነበር፤ አንጀቴን ትበላው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ደርሷል ቢሏት በዓይኗ ካላየች አታምንም።

ሥራዋ ኮምፒውተሮች የሚላላኩትን መልእክት ማዘጋጀትና መፍታት ነው። ሰው ስልኩ ላይ «ላክ» የሚለውን ሲጫን ከስልኩ አንድ ደብዳቤ ይወጣል። የመጀመሪያው መስመር የሚፈለገውን ነገር ይናገራል። ከሥሩ ራስጌ የምንላቸው አጫጭር መስመሮች አሉ፤ ደብዳቤው ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን መልክ እንደተጻፈ፣ ስንት ቦታ እንደሚይዝ የሚገልጹ ናቸው። ከዚያ አንድ ባዶ መስመር ይቀራል። ከባዶው መስመር በታች ሰውየው የጻፈው ቃል አለ። ሰርቨር የምንለው ተቀባይ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ፈትቶ መልስ ይሰጣል። መልሱ ቁጥር አለው፤ 200 ካለ ነገሩ ደህና ነው፣ 400 ካለ የላክኸው ነገር አልገባኝም ማለቱ ነው።

ይህን የሚሠራ የተዘጋጀ ኮድ ሞልቷል። በነፃ ይወርዳል፤ ሁላችንም የምንጠቀመው እሱን ነው። ምብራት ግን ማን እንደጻፈው የማታውቀውን ኮድ ሥራዋ ውስጥ አታስገባም። የእድሩን ሥራ ስትቀበል፣ መልእክቱን ስልኩ ላይ የሚያሽገውንም ሰርቨሩ ላይ የሚፈታውንም ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጣ በገዛ እጇ ጻፈችው። የሰው ተጠቀሚና ተገላገይ ብያት ነበር። «የማን ሰው?» አለችኝ።

እድሩ ከአባቷ ጊዜ ጀምሮ የቤተሰቧ እድር ነው፤ እናቴም አባል ናት። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ አባላቱ ከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትነዋል። ራቅ ብለው የገቡት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ለቅሶ ለመድረስ ሦስት ታክሲ መያዝ ስላቃታቸው እድሩ ለሁለት ይከፈል ማለት ጀመሩ። ልጆቻቸው ደግሞ መሀል ከተማ ስለሚውሉ አንድ ሆኖ አራዳ ይቆይ ይላሉ። ሰብሳቢው አቶ ካሣሁን ሁሉም ሰው ካለበት ሆኖ ሐሳቡን በስልክ እንዲጽፍ ፈለጉና ምብራትን ለመኗት። እሷም ሠራችላቸው።

የሚደርሰውን መልእክት ከኮምፒውተር እያነበቡ ወደ ቃለ ጉባኤው መዝገብ በእጃቸው የሚገለብጡት የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ አጥናፉ ነበሩ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስምንቱን ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ሆነው ኖረዋል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ጠዋት ከቤታቸው የሚያስወጣቸው ያ መዝገብ ብቻ ነበር። ሰው በመንገድ ሲያገኙ ሰላምታቸው አያልቅም፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ እናት፣ ስለ ጎረቤት እያሉ አንዱን ሳይዘሉ ይጠይቃሉ። እድሩ እንዲከፈል ፈጽሞ አይፈልጉም፤ ይህንንም አይደብቁም። እንግዲህ መልእክቶቹን ለመክፈትም ለማረምም የሚያስችለው የይለፍ ቃል ከእድሩ ሰዎች እሳቸው እጅ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ጋሽ አጥናፉ መነጽራቸውን አድርገው የተላከውን ሐሳብ ማንበብ ጀመሩ። ወጣቶቹ የጻፉት በሙሉ ተነበበ። እንደ ልማዳችን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለጻፉት ጋሽ አጥናፉ እየተደናቀፉ ነው ያነበቡት፤ ቢሆንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበ። የትልልቆቹ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ፣ እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ» ይልና ይቆማል። ሁለተኛውም ሰላምታ ብቻ፣ ሦስተኛውም ሰላምታ ብቻ ሆነ። እትዬ የሺዓለም ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«ይኼ ሰላምታዬ ነው» አሉ። «ቃሌስ የት ሄደ?»

ጋሽ አጥናፉ የደረሰኝ ይኸው ነው ብለው ወረቀቱን አሳዩ። አዳራሹ ማጉረምረም ያዘ። ቃላቸው የጠፋው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ለማየት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ይከፈል ባዮቹ ናቸው። ያነበቡት ሰውዬ ደግሞ አይከፈል ባይ ናቸው። አቶ ካሣሁን ነገሩን መርምሪ ብለው ምብራትን አዘዟት።

እሷም መረመረች። ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውን ስታይ የትልልቆቹ መልእክት እዚያም ተቆርጧል። አንዳንዱ ቃል መሀል ላይ ነው የቆመው፤ መጨረሻው ላይ ፊደል ያልሆነች ጥቁር ምልክት ቀርታበታለች። በጥድፊያ የተደመሰሰ ነገር ምልክት ናት አለች። ሰርቨሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ መልእክት 200 ብሎ መልሷል፤ ተቀብያለሁ፣ ደህና ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉው ገብቶ ነበር፣ በኋላ ነው የተቆረጠው ብላ ደመደመች። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው።

ሌላም ያስጠረጠራት ነገር ነበር። ከእያንዳንዱ የተቆረጠ መልእክት ኋላ፣ በዚያችው ሰከንድ፣ ራስጌ የሌለው ትርጉም የለሽ ነገር በሩን ይመታል። ሰርቨሩም 400 እያለ ይመልሰዋል። አርባ አንድ ጊዜ። አንድ ሰው ዱካውን ለማጥፋት በጓሮ ሊገባ እየሞከረ ነው አለችና፣ ሰርቨሩ ይዞት የቆየው እስከዚያ የተመለሰውም ወደፊት የሚመለሰውም ነገር ሁሉ ሳይነካ የሚጠራቀምበት ፋይል ከፈተች። ስሙን «እስር ቤት» አለችው። የተጠራቀመው ቁጥር ብቻ ስለነበር ማንም አላነበበውም።

ኮምፒውተሩን ለማብራት ሰው የሚጠሩ አዛውንት ይህን ሁሉ ተንኮል ከየት ያመጡታል ብዬ ጠየቅኳት። ወደ እኔ እንኳ ሳትዞር «ልጆች አሏቸው አይደል?» አለች።

በዚህ መሀል ጋሽ አጥናፉ ለእሷ መጻፍ ጀመሩ። ስልኩ ላይ «ለሠሪዎቹ ይጻፉ» የሚል ገጽ አለ፤ በዚያ በኩል ሦስት መልእክት በተከታታይ ላኩ። ሦስቱንም አሳየችኝ። «ይድረስ ለተከበርሽው ልጃችን ለወይዘሪት ምብራት ገብረአብ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ እንደምን ናቸው? አባትሽን ነፍሳቸውን ይማር፣ ወዳጄ ነበሩ። አንቺም ለዚህ በመብቃትሽ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና» ይልና አንደኛው ያበቃል። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን መልእክቱ ጎድሏል ይል ነበር። ምብራት ያነበበችው ሌላ ነገር ነው።

«እናቴን ምን አስጠየቃቸው?» አለች። «አባቴንስ? ሊያለሳልሱኝ ነው። ንጹሕ ሰው ሦስት ጊዜ ሰላም አይልም።»

ለአቶ ካሣሁን አንድ ገጽ ጽፋ ሰጠች። ማሽኑ ሁሉንም መቀበሉን፣ ለማረም የሚያስችለው ቁልፍ ያለው ጸሐፊው ጋ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ሰረቁ አላለችም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብ ግን ሰው የሚሰማው ያንኑ ነው።

በማግስቱ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ገጹ ተነበበ። ጋሽ አጥናፉ በቀስታ ተነሡ፤ ፊታቸው ላይ ፍርሃት የሚባል አላየሁም፣ ይህም ገርሞኛል። የሚቆርጠው ማሽኑ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ ምን እንደሆነም ለምብራት በዝርዝር ጽፌላታለሁ፣ እሷው ትናገር አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ምብራት ስልኳን አውጥታ ሦስቱን መልእክት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ሰላምታ፣ ሰላምታ፣ ሰላምታ። ከኋላ የነበሩት ሳቁ። ጋሽ አጥናፉ ደንግጠው አዩዋት፤ ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እሳቸው መጀመሪያ በወረቀት ጽፈው ነው ወደ ስልክ የሚገለብጡት፤ የጻፍኩት ሙሉው ይኸው አሉ። 

ምብራት ወረቀቱን አልተቀበለችም። «ወረቀት ዛሬ ጠዋትም ይጻፋል» አለች።

ጋሽ አጥናፉ እጃቸውን ሰበሰቡ። ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። የአዳራሹን ቁልፍና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ ያቺ ልጅ ልክ አልሠራችም አለችኝ። እኔ ምን እንደማምን አላውቅም ነበር።

የይለፍ ቃሉ ተቀየረ። አሁን ያለው ምብራት ጋ ብቻ ነው። እንግዲህ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ሰኞ እትዬ የሺዓለም ቃላቸውን እንደገና ላኩ። ተቆርጦ ገባ። ማክሰኞ ሌላ ሽማግሌ ላኩ፤ እሱም ሰላምታው ላይ ቆመ። ምብራት ወንበሯን አዙራ እኔን ማየት ጀመረች።

እናትሽ የእድሩ አባል ናት አይደል አለችኝ። ነች አልኳት። እኔ ለማኪያቶ ስወርድ ኮምፒውተሬን የሚያየው ማን ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ስድስት ዓመት አብሬያት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ታማ ያስታመምኳት፣ አባቷ ሲሞቱ ድንኳን ውስጥ አብሬያት የተቀመጥኩ። ሆድ ባሰኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ቁልቁል በእግሬ ስሄድ እንባዬ እየመጣ ያስቸግረኝ ነበር። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። እሷም አላናገረችኝም፤ ኮምፒውተሯን ግን ለሽንት ቤት እንኳ ስትነሣ ትዘጋ ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ እኔን ለመያዝ ብላ እስር ቤቱን ከፈተች። በር መቺው ከየትኛው ጠረጴዛ እንደሚመጣ ከቁጥሮቹ አገኛለሁ ብላ ነው። ጀርባዬን ሰጥቻት ስለተቀመጥኩ አላየኋትም፤ የሰማሁት ድምፅዋን ነው።

«ፀዲ» አለች። «ነይ እስቲ።»

አልዞርኩም። ሁለተኛ ጠራችኝ፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብቻ ተደርድሯል። ጣቷን 225 ላይ አደረገች። ከእሱ ሁለት ቁጥር አለፍ ብሎ እንደገና 225 አለ። ከዚያም እንደገና። ሙያው ላይ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ኮምፒውተር የእኛን አንድ ፊደል በሦስት ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አንድ ቁጥር ይበቃዋል።

በር የሚመታው ሌባ አልነበረም። አማርኛ ነበር።

ቁጥሩን ወደ ፊደል መለሰችው። «ስለዚህ ሦስት ታክሲ ይዤ መምጣት አልቻልኩም፤ ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል፤ እዚሁ ቅርባችን አንድ ድንኳን ቢኖረን» የሚል ወጣ። የእትዬ የሺዓለም ቃል ነው። ምብራት ወደ ራሷ ኮድ ሄደች፤ ስልኩ ላይ ደብዳቤውን ወደሚያሽገው። ርዝመቱን በራስጌው ላይ የምትጽፈው መስመር እዚያ አለች። ቁጥሮቹን ሳይሆን ፊደሉን ነው የምትቆጥረው። ሦስት መቶ ፊደል ሲጻፍ «ሦስት መቶ ቦታ ይይዛል» ብላ ትልካለች፤ ደብዳቤው ግን ዘጠኝ መቶ ገደማ ነው። ሰርቨሩ የተነገረውን አምኖ ሦስት መቶውን ይወስዳል፣ 200 ብሎ ይመልሳል። የቀረውን ሁለት እጅ እንደ አዲስ እንግዳ አይቶ አላውቅህም ይለዋል። የትልልቆቹ ደብዳቤ ሲሶው የሚያልቀው ሰላምታ ላይ ነው፤ ጉዳዩ ሁሉ ውጭ ቀርቷል።

ታዲያ ስትሞክሪው እንዴት አላየሽም አልኳት። መሞከሪያዎቿን ከፈተች፤ ከመቶ በላይ ናቸው። selam endet nachu ይላል አንዱ። edru ayikefel ይላል ሌላው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እኛ የቢሮ ልጆች አማርኛን እንደዚያ ነው የምንጽፈው፤ ይፈጥናል። ያ ሁሉ አምፖል እየበራ የተሸጠበት ቤት ልጅ፣ በእኛ ፊደል አንድ ቃል ጽፋ አልሞከረችም። የተዘጋጀውን ኮድ ብትጠቀም ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ከዚያ የጋሽ አጥናፉን ፈለገች። ሰከንዱን ከሰከንድ እያስተያየች ሦስቱንም አገኘቻቸውና ከሰላምታቸው ጋር ገጠመቻቸው። የመጀመሪያውን እሷ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ይስጥሽ። ልጄ፣ ወደ ጉዳዩ ስገባ፣ መልእክቶቹን ስገለብጥ አንድ ነገር አይቻለሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፉት ልጆች ቃላቸው ሙሉ ነው። በእኛ ፊደል የተጻፈው ሁሉ ግን ይጎድላል። ባለቤቴ በወረቀት ጽፋ የላከችውን ከደረሰው ጋር አስተያይቼ ፊደሉን ቆጠርኩት፤ የደረሰው ሲሶ ያህል ነው። የሌሎቹም ሳይሆን አይቀርም። እኔ የመሣሪያውን ነገር አላውቅም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰው መጠራጠር ሳይጀምር ብታዪልኝ።»

እኛ በሦስት ሳምንት ያላገኘነውን ሰውዬው በእርሳስ ቆጥረው አግኝተውታል። ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛውን ማንበብ ጀመረችና መሀል ላይ ተወችው፤ እኔ ነኝ የጨረስኩት። የተላከው የዚያች እሑድ ዋዜማ ነው። «ነገ ስብሰባው ላይ ይጠይቁኛል። መልስ ባትሰጪኝም የጻፍኩትን እንዳነበብሽው አልጠራጠርም። አንቺ እውነቱን ስለምታውቂ አልፈራም» ይላል።

ምብራት ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። የአክስቷ ስልክ በተዘጋበት ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም።

እኔ፣ መናገር ካለብኝ፣ ክፉ ምክር መከርኳት። ኮዱን አስተካክዪው፣ ለአቶ ካሣሁን ደግሞ ኔትወርክ ነበር በያቸው፤ ኔትወርክ ሲባል የማያምን የለም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ማሽኑ አልቆረጠም ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ኪሎ አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ሄድን። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ጋሽ አጥናፉ ናቸው። እኒያ ጤና ጠይቀው የማይጠግቡ ሰው እንደምን ዋላችሁ አላሉንም። ምን ፈለጋችሁ ብቻ አሉ። ምብራት እዚያው በራፉ ላይ ቆማ ነገረቻቸው። ምንም አላለሳለሰችም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሐሙስ ነው፣ ከዚያ በፊት ሰላምታዎ ብቻ ነበር የደረሰኝ፣ እሱንም በክፉ ተረጎምኩት አለች። የታተመውን ወረቀት በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

ወስደው አነበቡት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሁሉንም አንብበሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ሌቱን ስገላበጥ፣ የገብረአብ ልጅ እውነቱን እያወቀች ለምን ሸጠችኝ እያልኩ ነበር። ከሌብነቱ ስም ይልቅ እሱ ነው ያቃጠለኝ።»

ምብራት ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አስቆሟት። ግቡ ግን አላሉንም። ነገ በሰው ፊት ተናገሪው ብለው በሩን ዘጉ።

በሰው ፊት ተናገረችው። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወረቀት ዛሬ ጠዋትም ይጻፋል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያ ወረቀት እውነት ነበር አለች። የሳቁት ሰዎች አቀርቅረው ሰሙ። አቶ ካሣሁን ቁልፉንና መዝገቡን ለጋሽ አጥናፉ መልሰው ሲሰጡ እየተንተባተቡ ይቅርታ ጠየቁ። ጋሽ አጥናፉ መዝገቡን ተቀብለው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ከእስር ቤቱ የወጣውን አርባ አንድ ደብዳቤ ከሰላምታው እስከ ፊርማው፣ አንድም ሳይዘሉ አነበቡት። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሲጨርሱ ሰው ሁሉ የሽማግሌዎቹን ችግር በጆሮው ሰምቷል። ልጆቻቸው እንኳ እጃቸውን አወጡ፤ እድሩ ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ አጥናፉ ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዙት እድር መከፈሉን በገዛ እጃቸው መዝገቡ ላይ ጻፉት። ብዕሩን ሲያስቀምጡ ለአፍታ መዝገቡን በመዳፋቸው ሸፍነውት ቆዩ።

አሁን የአራዳው እድር ጸሐፊ ናቸው። ምብራት ኮዷን ጥላ የተዘጋጀውን መጠቀም ጀምራለች፤ ከመጠቀሟ በፊት ግን ስምንት መቶ ጊዜ በእኛ ፊደል ሞክራዋለች። እኔንም ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ ኮምፒውተሯን ግን ዛሬም እየዘጋች ነው የምትነሣው።

ጋሽ አጥናፉ መልእክት በላኩ ቁጥር ወዲያው ስልክ ይደውላሉ። ሰላምታ የለም። «ደረሰሽ?» ይላሉ። ደርሶኛል ትላለች። «የመጨረሻዋን ቃል አንብቢልኝ» ይላሉ። እሷም ስክሪኑን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ገፍታ ታነብላቸዋለች። ልክ ናት ይሉና ይዘጋሉ። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ ይኸው ስምንት ወራቸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ስልኩን ስትዘጋ ነገሩ እኮ ተስተካክሏል፣ ለምን ይበቃዎታል አትያቸውም አልኳት።

«ይደውሉ» አለችኝ። «እኔም እሳቸውን ብሆን እኔን አላምንም።»